ማን ማንን ያዛል?

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል ያገራችን ሰው። አማርኛ የሚናገር ሰው አንዲት ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ብዙ ነገር ማወቅ አለበት። ከፊቱ የቆመው ወንድ ነው ወይስ ሴት? ታናሹ ነው ወይስ ታላቁ? አንድ ነው ወይስ ብዙ? የሚቀርበው ነው ወይስ የሚያፍረው? ይህን ሁሉ ሳይወስን አፉን መክፈት አይችልም። «ተነሥ» ቢል ወንድን ነው፤ «ተነሺ» ቢል ሴትን፤ «ተነሡ» ቢል ብዙዎችን፤ «ይነሡ» ቢል ደግሞ የሚያከብረውን ሰው። ሁላችንም ገና በእናታችን ጀርባ ታዝለን የተማርነው ስለሆነ አይከብደንም። ልብ ብለን ስናየው ግን በአማርኛ ትእዛዝ አንቀጽ ብቻዋን አትሄድም። ጾታን፣ ዕድሜን፣ ማዕረግንና ቀረቤታን ተሸክማ ነው የምትሄደው።

እንግሊዝኛ ይህ ሸክም የለበትም። «ስታንድ አፕ» ካለ አለ ነው። ለሕፃንም ለሽማግሌም፣ ለአንድም ለመቶም፣ ለወታደርም ለጳጳስም ያው «ስታንድ አፕ» ነው። አክብሮት ከፈለገ ከግሱ ውጭ ያስቀምጠዋል፤ «ፕሊስ» ይላል፣ ወይም ትእዛዙን ጥያቄ አስመስሎ «ኩድ ዩ» ብሎ ይጀምራል። ግሱ ራሱ ግን ማንንም አያውቅም።

ማታ ማታ ጀማሪዎችን እንግሊዝኛ ሳስተምር ከሁሉ የሚቀለው ትምህርት ይህ ይመስላል። ሰዋስዉ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ግሱን ማስቀረት፣ ባለቤቱን መጣል፣ አበቃ። ለአሉታው «ዶንት» የምትለዋን ቃል ከፊት መጨመር ነው። ሰዋስዉ ሲያልቅ ግን የሰዉ ጉዳይ ይጀምራል።

በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር «ቶታል ፊዚካል ሪስፖንስ» የሚባል የማስተማሪያ ዘዴ አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሕፃን ልጅ አፉን ከመፍታቱ በፊት ለረጅም ጊዜ ሲታዘዝ ነው የሚቆየው። «ና»፣ «ያዝ»፣ «ተው» ሲባል ሰውነቱ ይመልሳል፤ አንደበቱ በኋላ ይከተላል። እንግዲያው ቋንቋ የሚማር ትልቅ ሰውም በመምህሩ ትእዛዝ ይነሣ፣ ይቀመጥ፣ በሩን ይክፈት፣ መጽሐፉን ከወንበሩ ሥር ያኑር ይላል አሸር። ዘዴው እኔም የምወደው ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ካለፉ በኋላ ግን መምህሩ ማዘዙን ይተውና ተማሪ ተማሪን እንዲያዝ ይደረጋል። ጉዱ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ዓመት የተጠጉ የሕንፃ ጥበቃ ነበሩ። የሚሠሩበት ሕንፃ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች ስለሚኖሩ «መኪናዎን ከሕንፃው ጀርባ ያቁሙ» ለማለት ያህል ነው የተመዘገቡት። አጠገባቸው ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ትቀመጣለች። ዱባይ በቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ወረቀቷን የምትጠብቅ ናት። ተራዋ ደረሰና «ጋሼ በሩን እንዲከፍቱ እዘዣቸው» አልኳት። ተነሣች። «ኦፕን ዘ ዶር» የሚለውን ከሳምንት በፊት ጀምሮ በቃሏ ታውቀዋለች። ግን ከአፏ አልወጣ አላት። በመጨረሻ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ጋሼ... ኦፕን ዘ ዶር... ይቅርታ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ረጋ ብለው ተነሥተው በሩን ከፈቱና፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ያዘዘኝ ፈረንጅኛው ነው፤ አንቺ አይደለሽም» አሏት።

ለነገሩ እኛ ከትእዛዝ መሸሽ እንወዳለን። ታክሲ ተሳፍሮ መውረጃው የደረሰ ሰው ሾፌሩን «ቁም» አይለውም፤ «ወራጅ አለ!» ይላል። ማን እንደሚወርድ አልተነገረም፤ ማን ምን ያድርግ አልተባለም፤ ወሬ ብቻ ነው የተነገረው። መኪናው ግን ይቆማል። መንገድ ስንጠቁምም እንዲሁ ነን። አራት ኪሎ ላይ ቆሞ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በየት እንደሚኬድ ለሚጠይቅ እንግዳ፣ «ቁልቁል ወርደህ፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግረህ፣ ዳገቱን ወጥተህ፣ ፒያሳን አለፍ ስትል ታገኘዋለህ» እንለዋለን። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ትእዛዝ የለችም። «ወርደህ»፣ «ተሻግረህ»፣ «ወጥተህ» እያልን እንግዳውን እጁን እንደያዝን ያህል እናደርሰውና፣ መጨረሻ ላይ «ታገኘዋለህ» ብለን ተስፋ እንሰጠዋለን። እንግሊዝኛው ሰንሰለቱን ይበጣጥሰዋል። «ጎ ዳውን ዘ ሂል። ክሮስ ዘ ብሪጅ። ጎ አፕ ቱ ፒያሳ።» በየቃሉ ማግሥት ነጥብ ነው። ተማሪዎቼ ሲሰሙት የሰልፍ ልምምድ ይመስላቸዋል። ስለዚህም ብዙዎቹ ትእዛዙን ትተው «ዩ ዊል ጎ፣ ዩ ዊል ክሮስ» ማለት ይቀናቸዋል። ስህተት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከሰው ጋር አብሮ የመሄድ ልማድ በባዕድ ልብስ ሲመጣ ይታየኛል።

አቅጣጫ የምናመለክተው ደግሞ ከስም ይልቅ በምልክት ነው። ዛፉ፣ ሱቁ፣ አሮጌው ግንብ። ምልክት ግን ሁልጊዜ አይቆይም። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማቱ ሲባል ፒያሳ ውስጥ ዶሮ ማነቂያን የመሰለ አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ፣ በዚያ አካባቢ «እዚያ ሱቅ ጋ ስትደርስ» ብሎ መንገድ መጠቆም ዋጋ አጣ። ምልክቱ ሲጠፋ ተጠቋሚው የሚተማመነው «በስተቀኝ»፣ «ፊት ለፊት»፣ «በመካከል» በሚሉት ቃላት ብቻ ይሆናል።

እነዚህ ጥቃቅን ቃላት፣ ሰዋስው መስተዋድድ የሚላቸው፣ ለተማሪዎቼ ዋናው ዳገት ናቸው። የእኛ «በ» አንዲት ፊደል ሆና በመኪና ታስኬዳለች፣ በማንኪያ ታበላለች፣ በማክሰኞ ታስቀጥራለች፣ በስምንት ሰዓት ታገናኛለች። እንግሊዝኛው ለመኪናው «ባይ»፣ ለማንኪያው «ዊዝ»፣ ለቀኑ «ኦን»፣ ለሰዓቱ «አት» ይላል። «ላይ» የምንለውንም ለሁለት ይከፍለዋል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱ መጋሉን ለማወቅ እጇን ላዩ ላይ ታንዣብባለች። ቀጥላም ሊጡን ምጣዱ ላይ ታፈሳለች። ሁለቱም በአማርኛ «ላይ» ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያልነካው እጅ «ኦቨር»፣ የነካው ሊጥ «ኦን» ነው። እጅን «ኦን» ያለ ሰው ተቃጠለ ማለት ነው!

ከዚህ የጠለቀ ልዩነትም አለ። እኛ አቅጣጫውን ግሱ ውስጥ እናስገባለን። ድስቱን ከምድጃው «አውርጂ»፣ ዳቦውን ከኦቭኑ «አውጪ» እንላለን፤ መውረዱና መውጣቱ ያለው ግሱ ላይ ነው። «ከ» ለሁለቱም አንድ ናት። እንግሊዝኛው በተቃራኒው ግሱን ባዶ ያደርገዋል። ለሁለቱም «ቴክ» ይልና፣ ለድስቱ «ኦፍ»፣ ለዳቦው «አውት ኦቭ» ብሎ ሥራውን ለትንሿ ቃል ይሰጣል። ስንገባም፣ ስንወጣም፣ ስንሻገርም «ጎ» ነው፤ ልዩነቱ ከኋላው የሚመጣው ነው። እንግዲህ አማርኛ ተናጋሪ ጆሮውን ግሱ ላይ ተክሎ ትንሿን ቃል ሲያሳልፋት፣ ዋናውን መልእክት አሳለፈ ማለት ነው። ይህን ነገር ከገለጽኩላቸው በኋላ ተማሪዎቼ መስተዋድድን እንደ ቅንጥብጣቢ ማየት ይተዋሉ።

ቅንጥብጣቢ የሚመስለው ነገር ደግሞ አንዳንዴ የሕይወት ጉዳይ ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠውን፣ እኛ ለምለም የምንለውን ዱቄት አስቡ። አንዱ እሽግ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው የተመጠነው። «ኢን ዋን ሊትር» የሚለውን ዘልሎ በአንድ ብርጭቆ የበጠበጠ ሰው ለልጁ የሚያጠጣው መድኃኒት ሳይሆን ጎጂ ጨው ነው። «ቢፎር ሚልስ» እና «አፍተር ሚልስ»፣ ከምግብ በፊትና ከምግብ በኋላ፣ ሆድ የሚያውቃቸው ልዩነቶች ናቸው። «አት ኤይት» የሚለውንም እንደ እኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ብሎ የያዘ ሰው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት መዋጥ የሚገባውን ክኒን ስድስት ሰዓት ያዘገየዋል።

ይህ ሁሉ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ ቢባል፣ ዘመኑ አጭር ሆኖ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ፈረንሳይኛ ነበር የገነነው፤ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ደነገገ። ማታ ወደ እኔ የሚመጡት ብዙዎቹ እንግዲህ ለዓመታት የተማሩ ናቸው። መጽሐፉ ከጠረጴዛው ጋር ያለውን ዝምድና በባዶ ቦታ መሙላት ያውቁበታል። ነገር ግን ያ መጽሐፍና ያ ጠረጴዛ ማንም ለማንም የማይናገረው ነገር ነው። አዛዥ የለው፣ ታዛዥ የለው፤ የሚቃጠል እጅ፣ የሚታመም ልጅ የለው።

በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ትእዛዝ የሚሰጠው ሁልጊዜ ተማሪው ነው። «ለጓደኛህ መንገድ አሳየው»፣ «ለእንግዳህ ሻይ እንዴት እንደሚፈላ ንገረው» ይላሉ። ከተማሪዎቼ መካከል ግን ብዙዎቹ ትእዛዝ አንቀጽን የሚማሩት ለመስማት ነው። ዱባይ የምትሄደዋ ልጅ ከፊቷ የሚጠብቃትን ታውቃለች። «ክሊን አንደር ዘ ቤድ»፣ «ፑት ኢት ኦን ዘ ቶፕ ሼልፍ»፣ «ዶንት ጎ አውት»። የአልጋው ሥር፣ የመደርደሪያው ላይ፣ የቤቱ ውጭ። መስተዋድዱን ካልለየች ስድብ አለ፤ ይህንንም ከተመላሾች ሰምታለች።

ትምህርቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከደብተሯ የቀደደችውን ወረቀት ሰጠችኝ። በእንግሊዝኛ ልታውቃቸው የምትፈልጋቸውን ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ ጽፋቸዋለች። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።» «መጀመሪያ አሳዪኝ።» «አትጩሂብኝ።» «ደመወዜን ስጪኝ።» «ፓስፖርቴን መልሺልኝ።» እነዚህ ሁሉ ለሴት የተጻፉ ናቸው፤ ለእመቤቲቱ። የመጨረሻዋ ብቻ ለወንድ ነበረች። «አትንካኝ» ትላለች።

አማርኛ ምስጢር አይጠብቅም። በዚያች ወረቀት ላይ ስለ ማንም የተጻፈ ነገር የለም፤ ግን ከግሱ መጨረሻ ላይ «ኢ» የምትለው ድምፅ በመቅረቷ ብቻ፣ ልጅቷ ከማን ምን እንደምትፈራ አነበብኩ። ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው «ዶንት ተች ሚ» ሆነ። ወንዱም ሴቱም ጠፋ። ፍርሃቱ ግን አልጠፋም።

«ቲቸር፣ ይህን ለትልቅ ሰው ማለት ነውር አይሆንም?» አለችኝ። በእንግሊዝኛ ለትልቅ ሰው የተለየ ግስ እንደሌለ ነገርኳት። እመቤቲቱ «ጊቭ ሚ ዘ ኪይ» ስትላት የምትጠቀምበት «ጊቭ»፣ እሷ «ጊቭ ሚ ማይ ፓስፖርት» ስትል የምትጠቀምበት ያው «ጊቭ» ነው። ላይ ሲሄድ አይለዝብም፤ ታች ሲወርድ አይሻክርም። «ፕሊስ» ማከል ስትፈልግ ማከል ትችላለች፤ «አትንካኝ» ለሚለው ግን አያስፈልግም አልኳት። ጥበቃው ጋሼ በፈቃዳቸው አሠሪ ሆነው ቆሙላትና ተለማመደች። የመጀመሪያው ቀን ድምፅዋ አልተሰማም። በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ክፍል ተማሪዎች በመስኮት ብቅ ብለው አዩን። እሳቸውም «ይኸውና አሁን አንቺ ነሽ ያዘዝሽው» አሉ።

ቃል ብቻውን የተቆለፈ በር አይከፍትም። ፓስፖርት መንጠቅና ደመወዝ መከልከል የሚገታው በሕግና በሚያስፈጽመው ሰው እንጂ በሰዋስው አይደለም። አፉን ያልፈታ ሰው ግን ሕጉ ጋ ቢደርስም የሚለው አይኖረውም። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ አንቀጽን ሳስተምር ሁለት ሰሌዳ እሞላለሁ። በአንደኛው ላይ ተማሪው የሚታዘዛቸውን፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ መልሶ የሚያዛቸውን እጽፋለሁ። ቆይ፣ ድገም፣ አሳየኝ፣ ስጠኝ፣ ተው። ከመጻሕፍቱ የቀረችው ይህች ሁለተኛዋ ሰሌዳ ናት።

የእኛ ቋንቋ አክብሮት በጣም ያምረኛል። «ይነሡ» የሚል ልጅና «ይነሡ» የሚባል አባት ባሉበት አገር መወለድ ጸጋ ነው። በሌላው ሰው ቤት፣ በሌላው ሰው ቋንቋ ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ማክበሩን ብቻ ይዞ ቢሄድ አይበቃውም። ከበላዩ ላለው ሰው ዓይኑን ሳይሰብር «ተው» የሚልባት አንዲት ቃል በኪሱ ትኑር።