በእርጥብ እንጨት ላይ ቀለም አይቀባም

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 6፥13-16፤ መዝሙር 32፤ ምሳሌ 28፥13



መጽሐፍ ቅዱስ ስለ መሸፈን ሁለት የሚጋጩ የሚመስሉ ነገሮችን ይናገራል። ምሳሌ 28፥13 ኃጢአቱን የሚሸፍን ሰው እንደማይሳካለት ይነግረናል። ዳዊት ደግሞ በመዝሙር 32 ኃጢአቱ የተሸፈነለት ሰው የታደለ መሆኑን ይዘምራል። ታዲያ መሸፈን ጉዳት ነው ወይስ በረከት? ይህን ጥያቄ በቤት ለቤት ኅብረታችን ስናጠናው ቆይተን ነበር። መልሱ ይበልጥ የበራልን ግን ለአንድ ወንድማችን ጀልባ ቀለም ስንመርጥ ነው።

ወንድማችን በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ እያጠመደ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነው። ከሌላ ሰው እጅ የገዛት አሮጌ ጀልባው ከውጭ ስትታይ ቀለሟ ያበራል፤ ወለሏ ግን ከመበስበሱ የተነሣ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉድ ነበር። የልጆች አባት በእንዲህ ያለች ጀልባ ጥልቅ ውሃ ላይ መውጣት የለበትም። ስለዚህ ገንዘብ አዋጣን፤ በመካከላችን ያሉት አናጢዎች እየመሩን አራት ሜትር ገደማ የምትሆን ትንሽ ጀልባ በጣውላና በፕላይውድ ሠራን። የቀረው ቀለም ነበር።

ቀለም ቤት ሲገባ ምርጫው ብዙ ነው። ለግድግዳ የሚሆነው ፕላስቲክ ቀለም ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ነገር ግን ውሃ ውስጥ ለሚውል የጀልባ ሆድ የተሠራ አይደለም። ኢፖክሲ የሚባለው፣ ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚጠነክሩት፣ እጅግ ብርቱ ነው። ሆኖም ዋጋው ይከብዳል፤ ፀሐይም ስለሚጎዳው በላዩ ሌላ ቀለም ይፈልጋል። ለባሕር መርከቦች ሆድ የሚቀባ መዳብ ያለበት ቀለምም አለ። ሥራው በመርከቡ ላይ የሚጣበቁ ሕያዋንን ማራቅ ነው። ማታ ማታ ወደ ዳር ለምትወጣ ጀልባ ግን አያስፈልግም፤ ዓሣው ለሚበላ ሐይቅም አይበጅም።

በመጨረሻ የመረጥነው ለበርና ለመስኮት የሚቀባውን ሲንቴቲክ የዘይት ቀለም ነው። ቀንና ሌሊት ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ይለሰልሳል፤ ማታ ወጥታ ለምትደርቅ ጀልባ ግን በደንብ ያገለግላል፣ ሲላላጥም ማደሱ ቀላል ነው። ነጣ ያለውን ወሰድን፤ ጠቆር ያለ ቀለም የፀሐይን ሙቀት ስለሚስብ እንጨቱን ያግለዋል፣ መጋጠሚያዎቹንም ያላላል።

ከቀለሙ ዓይነት የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ እንጨቱ ደርቋል ወይ? ጣውላው የክረምቱን ዝናብ ጠጥቷል። ቀለም ደግሞ የውጭውን ውሃ እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ፣ የውስጡንም እንዳይወጣ ይይዘዋል። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበት ይወዳል፤ እርጥበቱ ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት 20 በመቶ ሲያልፍ ይመቸዋል። ለመቀባት 15 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ይመረጣል። እንግዲህ ያው አንዱ ቀለም በደረቅ እንጨት ላይ ጠባቂ ነው፤ በእርጥብ እንጨት ላይ ደግሞ ብስባሴን ደብቆ የሚያሳድግ ክዳን ነው።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ጀልባዋ ሐይቅ ካልገባች ለወንድማችን ቤት ገቢ የለም፤ ልጆቹም ይበላሉ፣ የቤት ኪራዩም ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ከእኅቶቻችን አንዷ፣ “ልጆቹን እኛ እንመግባቸዋለን፤ እንጨቱን ነፋሱ ያድርቀው” አለች። በዚህ ተስማማን። ጀልባዋን ዝናብ በማያገኛትና ነፋስ በሚያልፍበት ስፍራ ገልብጠን አስቀመጥናት። ከዚያው ጣውላ የተቆረጠ ቁራጭ አጠገቧ አድርገን በየሦስት ቀኑ እህል ቤት ወስደን አስመዘንነው። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አምስት ሳምንት ጠበቅን። በእነዚያ ሳምንታት የወንድማችንን ቤት ወጪ ተከፋፍለን ቻልን።

ከዚያ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግናት፣ አቧራውንም ጠረግን። የመጀመሪያውን ቅብ በአኳራጅ አቅጥነን እንጨቱ እንዲጠጣው አደረግን፤ በተለይ ውሃ አብዝተው የሚስቡትን የጣውላ ቁርጥ ጫፎች ደጋግመን ቀባን። ቀጥሎም ሦስት ስስ ቅብ፣ እያንዳንዱ እስኪደርቅ እየጠበቅን አለፍንባት። ውስጧንም እንደ ውጭዋ፣ ሰው የማያየውን የመርገጫውን ሥር ሳይቀር ቀባን። ትንንሽ ጀልባዎችን ብዙ ጊዜ የሚያበሰብሳቸው ሐይቁ ሳይሆን ውስጣቸው የሚጠራቀመው የዝናብ ውሃ ነውና።

እግዚአብሔርም ኖኅን መርከቡን ከውስጥም ከውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቅ አዞታል። በዚያ ቁጥር፣ በዘፍጥረት 6፥14፣ ለመለቅለቁም ለቅጥራኑም የገቡት የዕብራይስጥ ቃላት ኦሪት ዘሌዋውያን ለማስተሰረይ ከሚጠቀምበት ቃል ጋር ፊደላቸው አንድ ነው። የእኛም መጽሐፍ ቅዱስ በታቦቱ ላይ ያለውን “የስርየት መክደኛ” ይለዋል። ስርየትና መክደን አብረው ይሄዳሉ።

እንግዲህ ምሳሌና መዝሙር አይጣሉም። ሰው ኃጢአቱን ራሱ ሲሸፍን በእርጥብ እንጨት ላይ መቀባቱ ነው። መዘምራን መካከል ቆሞ ያመሰግናል፤ ቤቱ ግን ከሚስቱ ጋር ከተነጋገረ ወር አልፎታል። ስለ ታማኝነት ያስተምራል፤ የደበቀው ዕዳ ግን ሌሊት አያስተኛውም። ዳዊት ዝም ባለ ጊዜ አጥንቶቹ እንዳረጁ የተናገረው ይህንኑ ነው። እግዚአብሔር ሲሸፍን ግን አስቀድሞ ያወጣዋል፣ ያነጻዋል፣ ከዚያም በልጁ በኢየሱስ ደም ይከድነዋል። እርሱ የሸፈነው ከሥሩ አይበሰብስም።

ወንጌልን ገና እየመረመራችሁ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ይህን ስታነቡ “መጀመሪያ ራሴን ላድርቅ፣ ከዚያ እመጣለሁ” እንዳትሉ እንለምናችኋለን። እንጨት ራሱን አያደርቅም። ወደ ብርሃንና ወደ ነፋስ ይወጣል እንጂ። 1 ዮሐንስ 1፥7 የሚጠራን በብርሃን እንድንመላለስ ነው፤ የሚያነጻው ደሙ ነው።

አማኞች ሆይ፣ ለእኛም ድርሻ አለን። ያዕቆብ እርስ በርሳችን እንድንናዘዝና አንዳችን ለሌላው እንድንጸልይ ያዝዛል (ያዕቆብ 5፥16)። አንድ ወንድም ነገሩን ወደ ብርሃን ሲያወጣ የሚያጣው ነገር ሊኖር ይችላል፦ ሥራ፣ ክብር፣ የአገልግሎት ስፍራ። እስኪጠገን ድረስ ማን ልጆቹን ይመግብ? ማን ቤቱን ይጠይቅ? “ተናዘዝ” ብለን በተናዘዘ ማግስት ብቻውን ከተውነው፣ ቀጣዩ ሰው ቀለሙን ይዞ ዝም ይላል።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር እናድርግ። ከእግዚአብሔር ፊት የሸሸግነውን አንድ ነገር በስሙ ጠርተን በጸሎት እናውጣው። ደግሞም በመጠገን ላይ ያለ አንድ ሰው እናስብና በሩን እናንኳኳ።

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ በገዛ እጃችን ከምንሸፍነው አድነን። ውስጣችንን ወደ ብርሃንህ አውጣ፤ በልጅህ ደም አንጻን፣ ክደነንም። ወንድሞቻችንን በትዕግሥት እንድንጠብቅ ጸጋህን ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።