መግነዙን የጠበቀ ቤት

ዛሬ በሰሜን ጣሊያን ወደምትገኘው ቱሪን ከተማ አብረን እንሂድ። በከተማዋ የመጥምቁ ዮሐንስ ካቴድራል ውስጥ ርዝመቱ 4.4 ሜትር፣ ወርዱ 1.1 ሜትር ያህል የሆነ የተልባ እግር ጨርቅ ይገኛል። በጨርቁ ላይ የተገረፈና የተሰቀለ ሰው ምስል ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ብዙዎች ጌታ የተገነዘበት ነው ብለው ያከብሩታል። ለሕዝብ የሚታየው ግን አልፎ አልፎ ብቻ ስለሆነ፣ አብዛኛው ጎብኚ ማስቀመጫውን አይቶ ይመለሳል።

ይህን ጨርቅ ከ500 ዓመት በላይ የጠበቀው የሳቮይ መሳፍንት ቤት ነው። በ1453 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከፈረንሳዊቷ ወይዘሮ ማርግሪት ደ ሻርኒ ተረከቡት። በ1532 ሻምቤሪ የሚገኘው የጸሎት ቤታቸው ሲቃጠል ከእሳት ወጣ፤ የተበሳሳውን መነኮሳይያት ጠገኑት። በ1578 መስፍኑ አማኑኤል ፊሊበርቶ ወደ ቱሪን አመጣው። የመጨረሻው የጣሊያን ንጉሥ ዳግማዊ ኡምቤርቶ በ1983 ሲያርፍ ለሮም ጳጳስ ተናዘዘው። በ1988 የተደረገው የካርቦን ምርመራ ጨርቁ ከ1260 እስከ 1390 ባለው ጊዜ የተሠራ መሆኑን አመለከተ፤ ክርክሩ ግን አልበረደም።

ከቱሪን ወደ አልፕስ ሸለቆዎች ወጣ ስንል ሌላ ታሪክ እናገኛለን። በዚያ ከተሐድሶ በፊት ጀምሮ በወንጌል ምክንያት የተሰደዱት ዋልደንሳውያን ይኖራሉ። በ1655 የዚሁ ቤት መስፍን የዳግማዊ ካርሎ አማኑኤል ሠራዊት ወንዱን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን ፈጀ። የዜግነት መብት ያገኙት በ1848 ነው። እኛም ይህን ቤት እናውቀዋለን፤ አገራችን ስትወረር በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ የወሰደው የኡምቤርቶ አባት ቪክቶር አማኑኤል 3ኛ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህ ቤት የክርስቶስ ነው ያለውን ጨርቅ በብር ሣጥን እየጠበቀ፣ የክርስቶስ አካል የሆኑትን ምእመናን አሳደደ። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቃብሩ ሮጠው የተልባ እግሩን ልብስ አዩ (ዮሐ. 20)፤ ወጥተው የሰበኩት ግን ስለ ጨርቁ ሳይሆን ስለ ተነሣው ጌታ ነው።

ባልና ሚስት ሆነን ለልጆቻችን የምናወርሰው ምንድን ነው? ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ጥቅስ፣ ከወላጆቻችን የተረከብነው መጽሐፍ ቅዱስ መልካም ቅርስ ነው። ልጆቻችን ግን ከዚያ ይልቅ የቤት ሠራተኛችንን እንዴት እንደምንናገራት፣ እምነቱ ከእኛ የተለየውን ጎረቤት እንዴት እንደምንይዘው ያያሉ። ዛሬ ማታ ከጸሎት በፊት በዚህ ላይ ተነጋገሩበት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።