ተመላልሰው የሚመጡ ደብዳቤዎች

አንባቢ ሆይ፤ ትናንት ያነበቡትን ደብዳቤ በማግሥቱም በሠልስቱም እንደ አዲስ የሚያመጣልዎ ተላላኪ ቢኖርዎ ምን ይሉታል? በመጀመሪያው ቀን «ተሳስቶ ነው» ብለው ያልፉታል። በሁለተኛው ቀን ይቈጡታል። በሦስተኛው ቀን ግን ሳያሰናብቱት አይቀሩም። እኔም ባለፈው ግንቦት፣ የተማሪዎቼን ፈተና በማርምበት ሰሞን፣ እንዲህ ያለ ተላላኪ ገጥሞኝ ነበር። ተላላኪው ግን ሰው አይደለም፤ በኮምፒዩተሬ ላይ ያለው የኢሜይል ፕሮግራም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሬ ተበላሽቶ ከተጠገነ በኋላ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ተጫነ። ሰኞ ማታ ብከፍተው 412 አሮጌ ደብዳቤዎች አወረደና ቆመ። እኔም «ደግ ነው፤ የጠፋብኝ ሁሉ ተመለሰልኝ» ብዬ ደስ አለኝ። ማክሰኞ እነዚያኑ 412 ደገመልኝ። ረቡዕ ሠለሰና በሣጥኔ ውስጥ 1,236 ደብዳቤዎች ተገኙ። ተናድጄ እስከ እኩለ ሌሊት ስሰርዝ አመሸሁ። ሐሙስ ብከፍተው ግን የሰረዝኋቸው እንደ ገና ተሰልፈው ጠበቁኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በእኔ ደረሰ።

ዓርብ ዕለት መሰረዙን ትቼ ምክንያቱን መመርመር ጀመርሁ። ለመሆኑ ኢሜይል ወደ ኮምፒዩተራችን የሚመጣው እንዴት ነው? አንደኛው መንገድ ፖፕ ይባላል፤ ትርጓሜውም «የፖስታ ቤት ደንብ» እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራበት ሦስተኛው በ1996 በወጣው ጽሑፍ ተወስኗል። ስሙ የተስማማ ነው። በአገራችን ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሣጥኑን ቁልፍ ይዞ ፖስታ ቤት እንደሚሄድ፣ ፕሮግራሙም ወደ ሩቁ ሰርቨር ሄዶ ከሣጥናችን ደብዳቤ ያመጣል። ነገር ግን «ደብዳቤዎቹ በሰርቨሩ ላይ ይቈዩ» ብለን ያዘዝነው እንደ ሆነ፣ ዋናውን እዚያው ትቶ ግልባጩን ብቻ ያመጣል። ታዲያ በማግሥቱ ሲመለስ ያመጣውን ካላመጣው በምን ይለያል?

በመሥሪያ ቤት የሚሠሩ አንባቢ መልሱን አያጡትም፤ በመዝገብ ነው። ወደ መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ ሁሉ የገቢ ቁጥር እንደሚሰጠው፣ ሰርቨሩም ለእያንዳንዱ ደብዳቤ እስከ 70 ፊደልና አኀዝ ሊደርስ የሚችል ልዩ መለያ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙም ያመጣቸውን መለያዎች በራሱ መዝገብ ይጽፋል። ተንደርበርድ በሚባለው ፕሮግራም፣ ለምሳሌ፣ መዝገቡ ፖፕስቴት የተባለ አነስተኛ ፋይል ነው። ይህ መዝገብ የጠፋ፣ የተበላሸ ወይም ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ፣ ፕሮግራሙ አሮጌውን ሁሉ አዲስ መስሎት ያመጣዋል። ሰርቨሩ መለያዎቹን ቢለውጥም ውጤቱ ያው ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ የሰረዝሁት ግልባጩን እንጂ የመዝገቡን ጕድለት አልነበረም።

የእኔ መዝገብ ከጥገናው በኋላ ባዶ እንደ ነበረ ተረዳሁ። ዳሩ ግን ይህ አንድ ጊዜ ያስደግም ነበር እንጂ በየቀኑ አያስደግምም። ስለዚህ ሣጥኑን በድረ ገጽ በኩል ከፍቼ ከ412ኛው ቀጥሎ ያለውን ተመለከትሁ። አንድ ወዳጄ የሠርጉን ፎቶግራፎች 24 ሜጋባይት አድርጎ የላከልኝ ደብዳቤ ነበር። የቤቴ መስመር ደካማ ስለ ሆነ ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ሥራውን ፈጽሞ ሰርቨሩን ስለማይሰናበትም መዝገቡ ሳይጻፍ ይቀራል። በማግሥቱ ደግሞ ከአንድ ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ወፍራም ደብዳቤ ወዲህ የደረሱ 19 ደብዳቤዎች ግን ከቶ ወደ እኔ አልመጡም። ስለ እነርሱ ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ፎቶግራፎቹን ለብቻ አስቀመጥሁና ደብዳቤውን ከገቢ ሣጥኑ ወደ ሌላ ማኅደር አዛወርሁት። ፕሮግራሙ የሰርቨሩን መልስ የሚጠብቅበትን ጊዜም አስረዘምሁ። ከዚያ በኋላ ከፈትሁትና እስኪጨርስ ድረስ ሳልነካው ጠበቅሁ። መዝገቡ በዚያ ቀን ተጻፈ። የተደጋገሙትን በርእስና በቀን አሰልፌ ሰረዝሁ፤ የያዙት ቦታ እንዲለቀቅም ማኅደሩን አሳመቅሁ። በማግሥቱ ብከፍተው አዲስ የመጡት ሁለት ብቻ ነበሩ።

እርስዎም እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምዎ በቍጣ «በሰርቨሩ ላይ ይቈዩ» የሚለውን ምልክት አያንሡ፤ ግልባጭዎ በደኅና መቀመጡን ሳያረጋግጡ ዋናው ሊጠፋብዎ ይችላልና። አንዳንድ ጊዜ ደብዳቤ የሚፈትሸው የቫይረስ መከላከያ ግንኙነቱን ያሰናክላልና እርሱንም ይመርምሩ። በስልክም በኮምፒዩተርም ደብዳቤ የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ አይማፕ የተባለው መንገድ ይሻልዎታል፤ ደብዳቤውንም የመነበቡንም ምልክት የሚጠብቀው በሰርቨሩ ላይ ነውና።

አሁን ወደ 19ኙ ደብዳቤዎች ልመለስ። ከእነርሱ አንዱን የላከችው የቀድሞ ተማሪዬ ነበረች። ለሥራ ውድድር የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላት ማክሰኞ ለምናኛለች፤ የማመልከቻው መዝጊያ ሐሙስ ነበር። እኔ ያነበብሁት ዓርብ ነው። ወዲያውኑ ደወልሁላትና ይቅርታ ጠየቅኋት። እርስዋም በትሕትና «መምህር፣ ዝም ሲሉኝ ለዚህ አትበቂም ያሉኝ መስሎኝ ሳላመልክት ቀረሁ» አለችኝ። ስለ መዝገቡና ስለ ፎቶግራፎቹ ባስረዳትም የሐሙሱ ቀን አልተመለሰም። ለሚቀጥለው ውድድር የሚሆናትን ደብዳቤ በዚያው ቀን ጽፌ ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲህ ቀን የተቈረጠለት ጉዳይ የሚልክልኝ ተማሪ ሁሉ ስልክም እንዲደውልልኝ ነግሬአለሁ። እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ ለላኩት ደብዳቤ መልስ ቢዘገይብዎ ተንቄአለሁ ብለው ከማዘንዎ በፊት አንድ ጊዜ ደውለው ይጠይቁ። አሮጌው ደብዳቤ በተደጋገመብዎ ጊዜም በመሰረዝ ብቻ አይድከሙ፤ ከበስተኋላው መንገድ አጥቶ የቆመ አዲስ ደብዳቤ ይኖር ይሆናል።