የክረምት ወራት ከሕፃናት ጋራ

ሐምሌና ነሐሴ በኤውሮፓ የፀሐይ ወራት ናቸው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁበት የንባብ መጽሐፍ የተሣሉት ልጆች በእነዚህ ወራት በባሕር ዳር አሸዋ እየቆለሉ ሲጫወቱ ይታዩ ነበር። በእኛ ደጋ አገር ግን በእነዚሁ ወራት ዝናም ይወርዳል፤ ወንዝ ይሞላል፤ መንገዱም ጭቃ ይሆናል። የሁለቱም አገር ልጆች በአንድ ወራት ከትምህርት ያርፋሉ፤ የእነዚያ ዕረፍት ከቤት ለመውጣት፥ የእኛዎቹ ግን በቤት ለመሰብሰብ ነው። ስለዚህም ብዙ ሰው ክረምትን እንደ እስራት ይቈጥረዋል፤ ሕፃናት ያሉበት ቤት በክረምት ጸጥታ የለውም እያለም ያማርራል። እኔ ግን ከዓመቱ ወራት ሁሉ ይልቅ የቤት ደስታ የሚገኝበት ይህ ወራት መሆኑን በኑሮዬ ስለ ተረዳሁት፥ ስለዚሁ ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ።

ሥራዬ በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ነው። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ፍርድ ቤት ለዕረፍት ስለሚዘጋ፥ ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር ነገር አይታይም፤ ያን ጊዜ ቀኑን ከልጆቼ ጋራ እውላለሁ። ልጆቼም ሦስት ናቸው፤ አንዲት የ9 ዓመት ሴት ልጅ፥ አንድ የ6 ዓመት ወንድ ልጅ፥ እንዲሁም ገና 3 ዓመት የሆነው ታናሻቸው።

ባለፈው በ2017 ዓ.ም. ክረምት አንድ ቀን በረዶ ጣለ። የ6 ዓመቱ ልጅ በረዶውን ለቅሞ አንድ ኩባያ ሞላና፥ ሌላ ሊለቅም ሲሄድ ኩባያውን ለእኅቱ አደራ ሰጣት። ተመልሶ ቢያይ በኩባያው ያለው ውኃ ብቻ ሆነ። «አደራዬን በላች» እያለ እያለቀሰ ወደ እኔ መጣ። እኔም በርጩማ አስመጥቼ ለዳኝነት በበረንዳው ተቀመጥሁ። ተከሳሽ በተጠየቀች ጊዜ፥ «የተቀበልሁትን አላጐደልሁም፤ ኩባያው ይኸውና፤ የተለወጠው በራሱ ነው» ስትል መለሰች። መልሷ ብርቱ ስለ ሆነብኝ ምን ልፍረድ እያልሁ ሳስብ፥ የ3 ዓመቱ ሕፃን ኩባያውን አንሥቶ ማስረጃውን ጠጣው። ከሳሽም ተከሳሽም በሳቅ ወደቁ። መዝገብ በያዝሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ፈጥኖ የተዘጋ ክርክር አላየሁም።

የበቆሎ እሸት በደረሰ ጊዜ ደግሞ ማታ ማታ በከሰል እሳት ዙሪያ እንቀመጣለን። አያታቸው እሸቱን እያገላበጡ እንቆቅልሽ ይጠይቃሉ፤ መልሱን ያላወቀም እንደ ልማዱ አገር ይሰጣል። የ6 ዓመቱ ልጅ በአንድ ማታ ጎንደርን፥ ሐረርን፥ ጅማንና መቀሌን ሰጥቶ ጨረሰ። አያቱ ግን «እነዚህን አልፈልግም፤ የምንኖርበትን ሰፈር ስጠኝ» ቢሉት፥ «እርሱንስ አልሰጥም፤ ቤታችን ያለው እዚያ ነው» ብሎ እምቢ አለ። እርሳቸውም ሳቁና ትልቁን እሸት መርጠው ሰጡት።

ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ሲገባ ታላቂቱ እንደ ዐቅሟ እስከ ቀትር ትጾማለች፤ ታናናሾቿም እርሷን አይተው ቁርሳቸውን ትተው ጥቂት ቆይተው ይራባሉ። ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ነው፤ ልጆች የሚያውቁት ግን ቡሄ ብለው ነው። ከበዓሉ አስቀድሞ ቃጫውን ገምጄ ጅራፍ የምሠራ እኔ ነኝ። በዕለቱ እናታቸው ሙልሙል ትጋግራለች፤ የሰፈሩ ልጆችም በየደጁ እየጨፈሩ ሲመጡ ለእያንዳንዳቸው ይሰጣቸዋል። ቡሄ ካለፈ ክረምቱ አለፈ ይባላልና፥ ከዚያ ወዲያ ልጆቹ በየጧቱ ሰማዩን እየተመለከቱ አዲሱን ዓመት ይጠብቃሉ።

ጳጉሜን በገባ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን የተማርሁትን ባሕረ ሐሳብ ለሴት ልጄ ጥቂት አሳየኋት። በ5500 ላይ 2018ን ብትደምር 7518 ሆነ፤ ይህን ለ4 ብታካፍል 1879 ደርሶ 2 ተረፈ። 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፥ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፥ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ሳይተርፍ ዮሐንስ ነውና፥ መጪው ዓመት ዘመነ ማርቆስ መሆኑን አገኘች። እንደ ገና 7518ንና 1879ን ደምራ ለ7 ብታካፍል 3 ተረፈ፤ ማክሰኞን 1 ብሎ ሲቈጠር ሦስተኛው ሐሙስ ይሆናል። መስከረም 1 ቀን በማለዳ መጥታ፥ «አባባ፥ ዛሬ በእርግጥ ሐሙስ ነው?» አለችኝ። አዎን ባልኋት ጊዜ አዲሱን ዓመት እርሷ ራሷ ያመጣችው ያህል ደስ አላት፤ ከዚያም አደይ አበባዋን ይዛ ከጓደኞቿ ጋራ እንቁጣጣሽ ልትል ወጣች።

እኔ በ8 ዓመቴ ከወላጆቼ ተለይቼ የቆሎ ተማሪ ሆንሁ፤ ክረምቱንም ደበሎ ለብሼ በተማሪ ጎጆ አሳለፍሁ። ከዚያም ወደ ሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ፥ በዕረፍቱ ወራት ወንዙ ስለሚሞላ ወደ አገሬ ለመሄድ አልተቻለኝም። አባቴ በሐምሌ አረፈ፤ መርዶው ግን ወንዙ ከጐደለ በኋላ በመስከረም ደረሰኝ። ይህን የምጽፈው ወደ ትምህርት የሰደዱኝን ለመውቀስ አይደለም፤ እንጀራዬን የምበላው በዚያ ትምህርት ነውና። ነገር ግን ከአባቴ ጋራ ያሳለፍኋቸውን ክረምቶች ብቈጥር የማስታውሳቸው ሦስት ወይም አራት ብቻ ናቸው። ከእነርሱም በልቤ የቀረው ምክሩ ወይም ተግሣጹ አይደለም፤ ዝናም እንዳይነካኝ በጋቢው ውስጥ ሲያስገባኝ የሸተተኝ የጢስ ሽታ ነው።

ስለዚህ ሕፃን ከአባቱ ጕያ የሚገባባቸው ክረምቶች ጥቂት መሆናቸውን አውቃለሁ። ታላቂቱ ልጄ ከወዲሁ መጽሐፏን ይዛ ለብቻዋ መቀመጥ ጀምራለች፤ ይህም ደግ ነው። በችሎት ዛሬ ያልተሰማ ነገር ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ሕፃንነት ግን ቀጠሮ አይቀበልም።

ክቡራን አንባብያን፥ ሹመት ያለው ሰው ከሕፃናት ጋራ ሲጫወት ቢታይ ግርማው ይጐድላል የሚሉ አሉ። እኔ እንደማየው ግን ልጅ አባቱን የሚያከብረው ፊቱን በማጥቈሩ ሳይሆን፥ እመጣለሁ ባለበት ሰዓት በመምጣቱ ነው። ጥንቃቄውስ ቀላል ነው፤ ልጆች ከሞላ ወንዝ እንዲርቁ መጠበቅ፥ የረጠበ ልብሳቸውን ቶሎ መለወጥ፥ ከሰሉንም በደጅ እንጂ በክፍል ውስጥ አለማንደድ ይበቃል። ወጪውም ጥቂት እሸት፥ አንድ እጅ ቃጫና ከማታው አንድ ሰዓት ነው።