ከሕፃናት ጋራ ወደ ቡናው አገር፤ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ

በብዙ ቤቶቻችን ቡና በየቀኑ ይፈላል፤ ሕፃናትም ከጀበናው አጠገብ ተቀምጠው የፈንድሻ ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ዳሩ ግን ከእነዚህ ሕፃናት መካከል ቡና በእንጨቱ ላይ አፍርቶ ሲቀላ ያየው ጥቂቱ ነው። ለከተማ ልጅ ቡና ከሱቅ በኪሎ የሚመጣ፥ ማር ከብልቃጥ የሚቀዳ፥ ኮረሪማም ከገበያ በክር ተሰክቶ የሚገዛ ነገር ነው። ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው ቤትና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የአገርን መልክ ማወቅም ርስት ነው። ይህ ርስት ደግሞ በልጅነት ካልተሰጠ በኋላ በመጽሐፍ ብቻ የሚሞላ አይደለም። ስለዚህ ሕፃናት ላሏቸው አንባብያን በአገራችን ደቡብ ምዕራብ ያለውን የቡና ምድር በጥቂቱ ልናስጐበኝ አስበናል።

ለዚህ ጕዞ የሚስማማው ጊዜ ወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ባሉት 40 ቀኖች ቤተ ክርስቲያናችን እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ሕፃን ልጇን ታቅፋ፥ ከአረጋዊው ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋራ ወደ ግብፅ መሰደዷን ታስባለች፤ ኅዳር 6 ቀንም የቁስቋም በዓል ይከበራል። በእነዚሁ ሳምንታት በቴፒና በሚዛን ዙሪያ የቡናው ፍሬ ይቀላል፤ ለቀማውም ይጀመራል። ሕፃን ይዞ መንገድ መውጣት እንግዲህ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ የእመቤታችን መንገድ የስደትና የመከራ፥ የእኛ ግን የደስታና የትምህርት መሆኑ ነው። ያ ታሪክ በመኪናው ውስጥ ለልጆች ቢተረክላቸው ረጅሙ መንገድ ያጥርላቸዋል።

መንገዱም በእርግጥ ረጅም ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል ሚዛን ተፈሪ ለመድረስ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መጨረስ ለትልቅ ሰው ይቻል ይሆናል፤ ለሕፃን ግን ቅጣት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት በጅማ ማደር ይሻላል። በማግሥቱ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርድና ተሻግሮ ወደ ከፋ ተራሮች ይወጣል። ከቦንጋ አለፍ ሲባል በውሽውሽ የሻይ ተክል ኮረብታውን ሸፍኖ፥ በመቀስ እንደ ተስተካከለ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል። በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆሞ ልጆችን ከመኪና ማውረድ ይገባል፤ ከሻይ የሚፈለገው ለጋ ቅጠሉ፥ ከቡና ግን የሚፈለገው የፍሬው ውስጥ መሆኑን በዓይናቸው አይተው ይለያሉና።

ሚዛን ተፈሪ በአረንጓዴ ኮረብቶች መካከል፥ ከባሕር ወለል በላይ በ1,450 ሜትር ገደማ ከፍታ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዛሬ ከጎረቤቷ ከአማን ጋራ በአንድነት ሚዛን አማን ትባላለች፤ የቤንች ሸኮ ዞን ከተማ ስትሆን፥ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ካደረጋቸው ከተሞች አንዷ ናት። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ስሙን የወሰደው ከእርስዋና ከቴፒ ነው። ከሰሜን የመጣ እንግዳ በመጀመሪያ የሚያስደንቀው የዛፉ ብዛት ነው። በጎጃምና በጎንደር ብዙው ሜዳ ታርሶ ጥንታዊው ደን የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ስለሆነ፥ ልጆቻችን ደን ሲባል ትዝ የሚላቸው የደብሩ ግቢ ነው። በዚያ ደኑን አቅፎ የጠበቀው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዚህ ግን ገና ቤተ ክርስቲያኑን ያቀፈው ደኑ ነው።

ከሚዛን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የበበቃ የቡና እርሻ ይገኛል። ስፋቱ ከ10,000 ሄክታር ይበልጣል፤ ይህም ማለት በእያንዳንዱ ጎኑ 10 ኪሎ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን መሬት እንደ ማለት ነው። ቡናው የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሆነ፥ ከሩቅ ለሚያየው እርሻ ሳይሆን ጫካ ይመስላል። ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጅበታል። በበጋው ማለቂያ ዝናብ ጠብ ሲልለት ነጭ አበባ ያብባል፤ ሽታውም መንደሩን ይሞላዋል። ከአበባው አንሥቶ ፍሬው እስኪቀላ ድረስ እስከ ዘጠኝ ወር ይቆያል፤ እናቶች ይህን ሲሰሙ ሕፃን በማኅፀን ከሚቆይበት ጊዜ ጋራ ያመሳስሉታል። የቀላው እሸት ሲፈለፈል በውስጡ ሁለት ፍሬዎች ፊት ለፊት ተጋጥመው ይገኛሉ። ከላዩ ያለው ሥጋ ጣፋጭ ስለሆነ፥ እሸቱን የቀመሰ ልጅ፥ «አባባ፥ ቡና ጣፋጭ ነው እንዴ? ታዲያ እናንተ ስትጠጡት ለምን ይመርራል?» ብሎ ይጠይቃል። የዚህ ጥያቄ መልስ ረጅም ነው፤ ይኸውም መልቀሙ፥ ማድረቁ ወይም ማጠቡ፥ መፈልፈሉ፥ መቁላቱ፥ መውቀጡና ማፍላቱ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት ወይም ስድስት ኪሎ እሸት በእጅ መለቀም እንዳለበት ልጁ ሲሰማ፥ ከሲኒው የሚፈሰውን ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ለኛ ለኦርቶዶክሳውያን ደግሞ ቡና የራሱ ታሪክ አለው። በሰሜኑ ክርስቲያን አገር ብዙ ዘመን ቡና መጠጣት የሌላ ሃይማኖት ልማድ ተደርጎ ይቈጠር ነበር፤ ይህም አስተያየት እየላላ የመጣው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ነው። ዛሬ በጾም ወራት ከቅዳሴ በኋላ ጐረቤት የሚሰበሰብበትን ቡና ስናይ፥ ያ ዘመን የተረሳ ይመስላል። የዚህ ምድር ቡና ግን ከኛ ቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1930ዎቹ ከጌሻ አካባቢ የተሰበሰበ ዘር ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ ተወሰደ፤ በ1953 ኮስታ ሪካ ገባ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻግሮ በ2004 በዚያ አገር የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛሬ ባለጠጎች እጅግ ውድ በሆነ ዋጋ የሚገዙት ይህ ቡና ስሙ አሁንም ያው የኛው ስም ነው።

ከሚዛን ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ቴፒ ይደረሳል። ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየርዋ ሞቃትና እርጥብ ነው። እናቶች በጓዳቸው የሚያውቁትን ሁሉ በቁሙ የሚያዩት እዚህ ነው። ቁንዶ በርበሬ እንደ ሐረግ በዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል፤ እርድና ዝንጅብል ከመሬት ይቈፈራሉ፤ ኮረሪማ ደግሞ በጥላ ሥር ይበቅልና ቀይ ፍሬውን ከግንዱ ሥር ከአፈሩ አጠገብ ይሰጣል። ረጃጅሞቹ ሰዎች ሳያዩት ሲያልፉ፥ ቁመቱ አጭር የሆነው ሕፃን ቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው። በቴፒ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ቅመማ ቅመምና ስለ ቡና ብዙ ዘመን ሲመራመር የኖረ ነው። ሙዙና አናናሱም ከአትክልቱ በቀጥታ ስለሚገዛ፥ ጾመኛ ቤተ ሰብ በዚህ አገር ምግብ አይቸግረውም። ያገሩ ሰው ከቡናው ጋራ የሚያቀርበውን የተቀቀለ ጎደሬ ልጆች በደስታ ይበሉታል።

ወደ ማሻ የሚወስደው መንገድ በሸካ ደን ውስጥ ያልፋል። ጥቁርና ነጩ ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል የሚታየው እዚህ ነው። በረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች ልጆች መጀመሪያ የወፍ ጎጆ ይመስሏቸዋል። ማሩን የሚያወርደው ሰው በገመድ ወጥቶ፥ በጭስ ንቡን አባሮ፥ ብዙውን ጊዜ በጨለማ ይሠራል። እንጀራውን የሚያገኘው ነፍሱን ለአደጋ አጋልጦ ነው ማለት ነው። ከማሩ ጋራ የሚገኘው ሰም ነው። ሕፃናት በቤተ ክርስቲያን የሚያበሩት ጧፍ ከጥጥ ፈትልና ከሰም የሚሠራ እንደሆነ፥ ሰሙም ከንብ፥ ንቡም ከዛፍ አበባ የሚኖር እንደሆነ ቢነገራቸው፥ የጫካው ዛፍና የመቅደሱ መብራት የተያያዙ መሆናቸውን ያለ ብዙ ስብከት ይረዱታል።

ይህ ደን ግን የማያልቅ አይምሰለን። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2002 ዓ.ም. የከፋን፥ በ2004 ዓ.ም. የሸካን ደን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገብቷቸዋል። የሸካ ሕዝብም አንዳንዱን የደን ክፍል የተከበረ ስፍራ አድርጎ፥ ዛፍ እንዳይቈረጥበት በባህሉ ሲጠብቅ ኖሯል። ይህም ሁሉ ሆኖ ለሻይ፥ ለቡናና ለእህል እርሻ የሚመነጠረው መሬት ደኑን ሲያጠበው ቆይቷል። በደኑ ውስጥ ሰው ሳይተክለው የሚበቅለው ቡና ብዙ ዓይነት ነው፤ በሽታ ቢመጣ ወይም አየሩ ቢለወጥ ለዓለሙ ቡና ሁሉ መድኀኒት የሚፈለገው ከዚሁ ነው። አንድ ጊዜ ከጠፋ ግን ተመልሶ አይተከልም። በልጅነቱ በዚህ ጥላ ሥር ያልሄደ ሰው፥ አድጎ በወንበር ላይ በተቀመጠ ጊዜ ስለ ደኑ የሚፈርደው በወረቀት ላይ ባየው ቍጥር ብቻ ነው።

ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የቡናው ለቀማ የሚደርሰው ትምህርት ቤት በተከፈተ ወራት ነው። የከተማው ልጅ ለጨዋታ ጥቂት ፍሬ ለቅሞ በቅርጫት ሲያስቀምጥ፥ በአጠገቡ ያለው የገበሬ ልጅ ምናልባት የሚለቅመው ለእንጀራው ነው፤ ምናልባትም በዚያ ጧት ክፍሉ ውስጥ ወንበሩ ባዶ ሆኗል። ሁለቱ ልጆች በዕድሜ እኩያ፥ በጥምቀትም ወንድማማች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ከልጆቻችን መሸሸግ አይገባም፤ ለማስፈራራትም መንገር አያስፈልግም። «ይህ ወንድምህ ዛሬ ለምን ትምህርት ቤት አልሄደም?» ብሎ ጠይቆ፥ መልሱን አብሮ መፈለግ ይበቃል። ገበሬውን ስለ ቡናው ዋጋ መጠየቅ፥ ከእጁ ሲገዙም በጨዋነት እንጂ በክርክር አለመግዛት፥ የልጁን የትምህርት ነገር አንሥቶ ከቤተ ሰቡ ጋራ በአክብሮት መነጋገር ከእንግዳ ይጠበቃል። ልጆቻችን ድካምን እንደ ትርኢት ማየት ከተማሩ፥ ጕዞው ከመቅረቱ የባሰ ጕዳት አደረሰባቸው ማለት ነው።

ለመንገደኞች የሚረዳ ጥቂት ምክር እንጨምር። በበበቃና በቴፒ ቆላ የወባ ትንኝ ስላለ፥ ሕፃናት ማታ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ፥ በአጎበርም ውስጥ ይተኙ፤ ከመሄድ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር፥ ከተመለሱም በኋላ ልጅ ቢያተኩሰው ሳይዘገዩ ማስመርመር ይገባል። ዝናቡ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል የሚጥል ስለሆነ የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ አይረሳ። የሚጠጣው ውኃ የፈላ ይሁን። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና የአገሩን ሰላም ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ወደ ማንኛውም እርሻ ሲገባ ባለቤቱን አስፈቅዶ፥ ሰላምታ ሰጥቶ ነው፤ በአልጋ ላይ በተሰጣ ቡና ላይ ልጆች እንዳይረግጡ፥ ያልቀላውንም እንዳይቀጥፉ ይነገራቸው። በእሑድ ቀን በአቅራቢያ ባለው ቤተ ክርስቲያን አስቀድሶ መዋል ደግሞ ከአገሩ ሰው ጋራ ከሁሉ ይልቅ ያስተዋውቃል።

በመጨረሻ ለልጆቻችን ስለ ወንዙ እንንገራቸው። የጊሎ ወንዝ በሚዛን ተፈሪ አቅራቢያ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይፈሳል፤ ከፒቦር ጋራ ተገናኝቶ ወደ ሶባት፥ ከሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል፤ በካርቱም ከጣና ከሚመጣው ዓባይ ጋራ ተቀላቅሎ ወደ ግብፅ ይወርዳል። በቡናው ቅጠል ላይ የሚንጠባጠበው ዝናብ መንገዱ ሕፃኑ ጌታችን ወደ ተሰደደበት አገር ነው። ይህን የሰማ ሕፃን በሚቀጥለው ዓመት የጽጌ ማኅሌት ሲቆም፥ የሚያስበው አገርና የሚያውቀው አገር በአንድ ውኃ የተያያዙ መሆናቸውን ያስታውሳል። እግዚአብሔር ለወላጆች ጤናንና ጊዜን፥ ለመንገደኞች ሰላምን፥ ለዚያም ምድር ልጆች እንደ ልጆቻችን ያለ ዕድልን ይስጥልን።