ባለ ገመዱ ይሻላል ወይስ ገመድ አልባው?

በዲፓርትመንት መጽሔት ላይ ስለ ጌም ሄድሴት መጻፍ ቀልድ ሊመስል ይችላል። «ይልቅ ፕሮጀክትህን ጨርስ» የሚሉኝ መምህራንም እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በኮሙኒኬሽን ኮርስ ስለ መዘግየትና ስለ ባንድ ስፋት የተማርነው ነገር በደንብ የገባኝ ሄድሴት ለመግዛት ስናማርጥ ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

የዶርም ጓደኛዬ የሕግ ተማሪና ዓይነ ስውር ነው። ላፕቶፑን የሚጠቀመው በኤንቪዲኤ ነው። ይህ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን የጀመሩትም ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን ናቸው። ቀን ቀን የሕግ ጽሑፍ ሲያዳምጥ ይውልና ማታ በቡጢና በእርግጫ ጌም ይገጥመኛል። «እንዴት አድርጎ?» ትሉ ይሆናል። በእንዲህ ዓይነቱ ጌም እያንዳንዱ ምት የራሱ ድምፅ አለው። ባላጋራው በግራ ሲሆን በግራ ጆሮ፣ በቀኝ ሲሆን በቀኝ ይሰማል። ዝላዩ ሲያርፍ ይሰማል፣ እርምጃው ይሰማል። እኔ በሁለት ዓይኔ እያየሁ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው እሱ ነው። (ይህን ለሰው እንዳልናገር ለምኜው ነበር፤ አሁን ራሴ ጻፍኩት።)

የድሮው ሄድሴታችን አርጅቶ ሲሞት አዋጥተን አንድ አዲስ ለመግዛት ተስማማን። የምንገዛው አንድ ብቻ ነው፤ ለሁለት የሚሆን ገንዘብ የለም። ለእኔ ነገሩ የጌም ጉዳይ ነው። ለእሱ ግን ያው ሄድሴት ደብተሩም፣ መጽሐፉም፣ የፈተና ዝግጅቱም ነው። ስለዚህ ከክላስ ልጆች ሁለት ገመድ አልባ ሄድሴቶች ተውሰን ሞከርን፤ አንዱ ብሉቱዝ ነው፣ ሌላው ደግሞ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ የራሱ ትንሽ መቀበያ፣ ማለትም ዶንግል ያለው። ከጎረቤት ዶርም ደግሞ ባለ ገመድ አመጣን።

መዘግየቱን የለካነው በቀላሉ ነው። ስልካችንን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍተን ኪቦርዱና ሄድሴቱ መሀል አስቀመጥነው፤ የኪቦርዱ «ቀጭ» እና የጌሙ ምት አንድ ላይ ይቀዳሉ። ከዚያ ቅጂውን በኦዳሲቲ ከፍተን በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት አየን። ጌሙ ራሱ የሚያዘገየውን ለማውጣት ደግሞ በባለ ገመዱ ያገኘነውን ቀነስን። በተለመደው የብሉቱዝ ኮዴክ መዘግየቱ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል ይባላል፤ የእኛም እዚያው መሀል ወደቀ።

200 ሚሊ ሰከንድ ምን ይሆናል እንዳትሉ። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ200 ሚሊ ሰከንድ 68 ሜትር ገደማ ይሄዳል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የአንድ ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ ወርድ ነው። አጠገብህ ቆሞ የሚመታህን ሰው ከሜዳው ማዶ ሆነህ እንደ መስማት ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሄድ ከሆነ 12 ፍሬም አለፈ፤ ፈጣን ቡጢ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ይደርሳል። እኔ ምስሉን ስለማይ በግማሹም ቢሆን እከላከላለሁ። ጓደኛዬ ግን ድምፁ ሲደርሰው ቡጢው አርፎ አልቋል። በብሉቱዝ አምስት ጊዜ ገጥመን አምስቱንም አሸነፍኩት፤ ደስ አላለኝም።

ከጌሙ የባሰው ንባቡ ነበር። ብዙ የብሉቱዝ ሄድሴቶች ድምፅ ሲቋረጥ ባትሪ ለመቆጠብ ያሸልባሉ፤ ሲነቁ ደግሞ የመጀመሪያዋን ክፍለ ቃል ይውጧታል። ኢሜይል ሲከፍት «አንሪድ» መባል የነበረበት «ሪድ» ብቻ ሆኖ ይደርሰዋል፤ ያልተነበበው ተነበበ ማለት ነው። «ይሄ ሄድሴት ይዋሻል እኮ!» አለኝ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ይህን ማቃለያ ማስተካከያ አለ፣ ግን ሄድሴት በቀየሩ ቁጥር ከዚህ ጋር መታገል አድካሚ ነው። ማይክ ሲከፈትማ ሌላ ጉድ ነው። የተለመደው ብሉቱዝ ጥሩ ሙዚቃ የሚያሰማው በአንድ አቅጣጫ ሲልክ ነው። ማይክ ሲጨመር ወደ ስልክ መነጋገሪያው አሠራር ይወርዳል፣ ናሙናውም በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ይሆናል፤ የግራና የቀኝ ልዩነትም ይጠፋል። ኤልኢ ኦዲዮ የሚባለው አዲሱ ደረጃ ይህን ያሻሽላል፤ ነገር ግን ላፕቶፑም ሄድሴቱም ሊደግፉት ይገባል፣ የእኛ ላፕቶፕ ደግሞ አሮጌ ነው።

ዶንግል ያለው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ከብሉቱዝ ጋር በአንድ ላይ «ገመድ አልባ» ብሎ መጥራት ራሱ ያሳስታል። መዘግየቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ጓደኛዬ ከባለ ገመዱ ሊለየው አልቻለም። እሱ ካልለየው ማንም አይለየውም። አንዳንዴ ይቆራረጥ ነበር፤ ዋይፋዩም የሁሉም ሰው ሆትስፖትም በዚያው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ነው ያለው። በዚያ ላይ ዩኤስቢ 3.0 ራሱ በዚህ ባንድ አካባቢ ጫጫታ እንደሚፈጥር ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፏል። መፍትሔው ዶንግሉን በኤክስቴንሽን ገመድ ከላፕቶፑ ማራቅ ነው። ገመድ አልባው ገመድ ፈለገ!

ባለ ገመዱም ቅዱስ አይደለም። ሶኬታችን ግራውንድ ስለሌለው ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይገባል፤ ቻርጀሩን ስንነቅል ይጠፋል። ገመዱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚበጠሰው አንድ ቦታ ነው፣ ጃኩ ሥር። ግን መጠገን ይቻላል። አዲስ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ገዝቶ መበየድ ነው። ለሚሞክር ሰው አንድ ምክር አለኝ፦ ቀጫጭኖቹ የመዳብ ክሮች በቫርኒሽ ስለተሸፈኑ በሶልደሪንግ ብረት ካልተቃጠሉ አይያያዙም። ይህን ላብ ውስጥ ማንም አላስተማረንም። የገመድ አልባው ባትሪ ሲደክም ግን ውስጡ የታሸገ ነው፣ ምትኩን ማግኘትም ይከብዳል። መብራት በጠፋ ማታ ደግሞ ላፕቶፑ ሦስት ሰዓት እየቀረው ሄድሴቱ ቀድሞ ቢሞት፣ ነገ ፈተና ያለው ሰው በምን ያነባል?

ባለ ገመዱን ገዛን። የሚገርመው ግን ገመድ አልባው ይቅር ሲባል የከፋው እሱ ነው። «አንተ ገመዱን ታየዋለህ፣ እኔ አላየውም» አለኝ። እውነቱን ነው። ረስቶ ሲነሳ ሁለት ጊዜ ላፕቶፑን ከጠረጴዛ ሊያወርደው ነበር። እሱ ላፕቶፕ ቢሰበር ሴሚስተሩ አብሮ ተሰበረ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ኤክስቴንሽን ገዝተን መሀል ላይ ቀጠልንበት፤ የላፕቶፑን በኩል ከጠረጴዛው እግር ጋር በፕላስተር አሰርነው። አሁን ድንገት ሲነሳ መገጣጠሚያው «ጧ» ብሎ ይላቀቃል፣ ላፕቶፑ ባለበት ይቀራል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በእጁ ይፈልግና ይሰካዋል። እሱ እስኪሰካ ጌሙን ማቆም ደግሞ የእኔ ግዴታ ነው፤ ይህን ሕግ ያወጣው እሱ ነው።