ድምፅ ብቻ መስሎን ነበር

ይኸውላችሁ፣ እኛ የመርሳ ልጆች ስናድግ ዜና አንባቢ መሆን ያልተመኘ አልነበረንም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት እንታደምና፣ በማግስቱ ብርቱካን ዛፍ ሥር ቆመን፣ ጋዜጣ ዘርግተን «ጤና ይስጥልኝ፣ ክቡራትና ክቡራን» እንባባላለን። ታላላቆቻችን ደግሞ ዓለምነህ ዋሴን እየጠሩ ያስቀኑናል። ሰውዬው ከኢቲቪ ዜና አንባቢነት ወደ ሬዲዮ፣ ኋላም ወደ ዩቲዩብ ሲሻገር ያንን ድምፁን ይዞ ነው የተሻገረው። እና ለእኛ ዜና አንባቢ ማለት ድምፅ ነው፤ አለቀ!

ከዚያ ነሐሴ 2013 መጣ። ጦርነቱ ወልዲያና ሀብሩ ሲገባ መብራቱም ስልኩም ጠፋ። ቴሌቪዥኑ የአቧራ ማረፊያ ሆነ። የቀረችን የአያታችን ሬዲዮ ናት። ድንጋዩን ቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ ማታ ጋቢ ተከናንበን 1 ሰዓት ላይ ዶይቼ ቬለን፣ 3 ሰዓት ላይ የአሜሪካ ድምፅን እንሰማለን። ሰኞ ሰኞ የነጋሽ መሐመድ «ማሕደረ ዜና» አለች። (ኢቲቪና የዶይቼ ቬለ አማርኛ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ጥቅምት፣ ሌላው መጋቢት 1957 ዓ.ም. ነው የተጀመሩት።) አያታችን ማታ ማታ የምትጠይቀን አንድ ነገር ነው፦

«ልጆቼ፣ መርሳን ጠሯት?»

አንድ ማታ አንዱ ጣቢያ (ስሙ ይቆየን) ላይ ድምፀ መረዋው አንባቢ አካባቢያችን ሰላም እንደሆነ አበሰረን። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተደብቀን ነው የዋልነው! አያታችን ሬዲዮዋን ዘጋችና «ድምፁስ ማር ነው፤ ምነው ታዲያ እኛን ሳያየን?» አለች።

በሌላ ማታ፣ ሌላ ጣቢያ ላይ አንድ ድምፀ ሻካራ አንባቢ ስለ ሰሜን ወሎ የሰማውን ተናገረና፣ ስልክ ስለተቋረጠ ማረጋገጥ እንዳልቻሉ ጨመረ። በቃ፣ ይቺው ናት። ግን እንዴት እንዳጽናናችን! ስልካችን መቋረጡን፣ እኛ ጋ መድረስ እንዳልተቻለ የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው። አያታችንም «ይኼስ ሰው ነው» ብላ ተኛች።

ታኅሣሥ 2014 ያ ጊዜ አለፈ። ከመካከላችን ዛሬም ዜና አንባቢ ልሁን የሚል አለ። ጋዜጣውን ይዞ ሲቆም ድምፁን አናደንቅለትም። «ይኼን ከማን ሰማህ? ማን አየ?» እያልን እናፋጥጠዋለን። ከተናደደ ገና ነው፤ «አላውቅም» ማለት ከለመደ ግን እሱን ማታ 2 ሰዓት ላይ ቁጭ ብለን እንሰማዋለን።

ቸር ወሬ ያሰማን።